የህንድ ቃና ያለው ብራስ ኩዊንቴት ከራጃስ ኦፍ ዘ ጋንጅስ ጋር ይሄዳል? ምን መቼ እንደሚከፈት ንገሩኝ

ካርማ_አለቀብኝ፦

ሰላም ቤቶች። ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው ግን እዚህ ካልተጠየቀ የት ይጠየቃል። ቦርድ ጌም ስንጫወት ሙዚቃ የመክፈቱ ስራ የኔ ነው፣ ያገኘሁትን ዝም ብዬ አልከፍትም፣ ከጌሙ ዓለም ጋር የሚሄድ ነገር ፈልጌ ነው። ሰሞኑን ጠረጴዛውን የያዘው ራጃስ ኦፍ ዘ ጋንጅስ ነው፣ ለማታውቁት ኢንካ እና ማርኩስ ብራንድ የሰሩት እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጌም ነው፣ 16ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ፣ ሙጋሎች (ህንድን የገዛው ሥርወ መንግስት) እየገነኑ ባሉበት ሰዓት አንድ ግዛት ይሰጥህና ዳይስህንና ሰራተኞችህን እያሰማራህ ህንፃ ትሰራለህ፣ ገበያ ትከፍታለህ፣ ወንዙ ላይ ጀልባህን ትነዳለህ።

እና ለሱ የሚሆን ስፈልግ ስፈልግ ብራስ ኩዊንቴት ላይ ወደቅኩ። 2 ትራምፔት፣ ሆርን፣ ትሮምቦን፣ ቱባ፣ በቃ 5 ሰው ነው፣ ከበሮ እንኳን የለም፣ ግን የሚጫወቱት ከራጋ (የህንድ ክላሲካል የዜማ ስልት) የተነሳ ነገር ነው። ሪና ኢስማይል የምትባል ህንዳዊ አሜሪካዊት አቀናባሪ ኪርኪያን የሚል ባለ 3 ክፍል ስራ አላት ለብራስ ኩዊንቴት፣ እሱን ከሰማሁ በኋላ የህንድ ጌም ሲመጣ ሁሌ ሲታርና ታብላ (የህንድ ክር መሳሪያና ከበሮ) የሚከፍት ሰው ሰነፍ መሰለኝ ከምር።

ችግሩ ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለብኝ። አንዱ ጓደኛችን "ትራምፔቱ ሲነሳ ዳይሴን መደመር ያቅተኛል ዝጋልኝ" ይላል፣ ሌላዋ ደግሞ ከተዘጋ ጌሙ ይደርቅባታል። ቮልዩም ቀንሼም ያው ነው፣ ሰውዬው አሁንም ይቆጣል። እና ጥያቄዬ የትኛው የጌሙ ሰዓት ላይ ምን ዓይነት ብራስ ነው የሚሄደው ነው፣ ወይስ ብራስ የሚባል ነገር ከሚያሳስብ ጌም ጋር ጭራሽ አይገጥምም? ሌላው ደግሞ ለሙጋሎች ዘመን ብራስ መክፈት ራሱ ያስኬዳል ወይ? "ሲታር ክፈት" ብላችሁ ብቻ የምታልፉ እባካችሁ ተዉኝ 😅

ስላይድ_አስረዝም፦

ትሮምቦን ነው የምነፋው፣ ስለዚህ ወገንተኛ መሆኔ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ግን ጓደኛህን አትናቀው፣ ልክ ነው ያለው።

ቮልዩም ቀንሼም ያው ነው ያልከው ነገር ምክንያት አለው። ብራስ ሲነፋ በረታ ባለ ቁጥር ድምፁ መጮህ ብቻ አይደለም፣ ጠባዩ ራሱ ይቀየራል፣ ላይ ላይ ያሉት ሃርሞኒኮች ይወጡና ድምፁ የሚያብረቀርቅ የሚቆርጥ ይሆናል። ያ ደግሞ ቀረጻው ውስጥ አብሮ ተቀርጿል። አንተ ስፒከሩን ብትቀንሰው ጮክ ተብሎ የተነፋው ትራምፔት ጮክ ተብሎ የተነፋ ሆኖ ነው የሚሰማው፣ ከሩቅ የሚጮህ ሰው በለው፣ ራቅ ቢልም መጮሁ ያስታውቃል። በዛ ላይ ትራምፔት የሚቆርጥበት ቦታና ሰው ሲያወራ ቃሉ የሚለይበት ቦታ ይደራረባሉ፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ "ተራህ ነው" የሚለው ድምፅ ከትራምፔቱ ጋር ነው የሚጋፋው። መፍትሄው ቮልዩም ሳይሆን መጀመሪያውኑ ቀስ ተብሎ የተነፋ፣ ሚዩት (አፉ ላይ የሚሰካ ድምፅ ማፈኛ) የገባበት፣ ወይም ዜማው ሆርንና ትሮምቦን ላይ ያለ ክፍል መምረጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ሙዚቃ ሲመርጥ "ህንድ ህንድ ይሸታል ወይ" ብሎ ነው የሚመርጠው፣ እኔ እንደዛ አላይም። እኔ መጀመሪያ የማየው ምት አለው ወይስ የለውም የሚለውን ነው። የህንድ ክላሲካል አጨዋወት ራሱ ይሄን ለይቶ ሰርቶልሃል። አላፕ የሚባለው መጀመሪያው ክፍል ላይ ምት የለም፣ ተጫዋቹ ራጋውን ኖታ በኖታ እየከፈተ ቀስ ብሎ ነው የሚያስተዋውቅህ፣ ሳ (መነሻዋ ኖታ) ላይ ይቆያል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንድ ኖታ ጨምሮ ይመለሳል። ከዛ ጆር ላይ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ጃላ ላይ ይፈጥናል፣ ከዛ ታብላው ገብቶ በታላ (ዞሮ በሚመለስ የምት ዑደት) ይታሰራል። ኩዊንቴት ላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ቱባውና ሆርኑ ሳ እና ፓን (5ኛዋን ኖታ) ይዘው ታንፑራ (ከጀርባ ሳያቋርጥ የሚያዜም ክር መሳሪያ) ይሆናሉ፣ ትንፋሽ እየተቀባበሉ ነው ድምፁ እንዳይቋረጥ፣ ከላይ ደግሞ አንዱ ዜማውን ይስባል።

እና ቦርዱን ስትዘረጋ፣ ዳይስ ስታካፍል፣ ሩል ስታስረዳ አላፕ። ምት ስለሌለው ማንንም አያቻኩልም። ጌሙ መሃል ላይ፣ ሰው ዳይሱን ካሊ ሃውልቷ (የጌሙ ዳይስ ማስቀመጫ) ላይ ደርድሮ "ይቺን 1 የወጣባትን ዳይስ ካርማ ከፍዬ ላገላብጣት 6 ትሁንልኝ ወይስ ለሌላ ተራ ላቆያት" እያለ ሲያስብ፣ መካከለኛ ፍጥነት ያለው በታላ የታሰረ ነገር፣ ግን ክፈፉ ረጅም የሆነ። ቲንታል 16 ምት ነው፣ ዞሮ 1 ላይ እስኪመጣ ጊዜ አለው፣ ጆሮ ተከትሎት ተከትሎት ይረሳዋል። 7 ምት የሆነውን ሩፓክ ከከፈትክ ግን ሰው ሳያውቀው መቁጠር ይጀምራል፣ 3 ከዛ 2 ከዛ 2፣ እና ጓደኛህ የራሱን ዳይስ እየደመረ ሙዚቃውንም ሊደምር ነው ማለት ነው 😂

ትሮምቦኑን ደግሞ ልብ ብለህ ስማ። በህንድ አዘፋፈን ከኖታ ወደ ኖታ ተንሸራቶ መሄድ ሚንድ ይሉታል፣ እሱ ከሌለ ራጋው ራጋ አይሆንም፣ ተራ ስኬል ነው የሚሆነው። ከ5ቱ መሳሪያዎች ይሄን ያለ ጭንቀት የሚሰራው ስላይድ ያለው የኛው ነው። ትራምፔቶቹ ቫልቩን በግማሽ ተጭነው ይሞክራሉ፣ ጎበዝ ከሆኑ ያምራል፣ ካልሆኑ ድመት የረገጡ ይመስላል።

አጥፋው_በቃ፦

እኔ የምለው ሰው ለምን ዝም ብሎ አይጫወትም? ቦርድ ጌም ፊልም አይደለም፣ ሳውንድትራክ አይፈልግም። እሺ ግድ ነው ካላችሁ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ መልሱ አያስኬድም ነው። ህንድ ውስጥ ብራስ ባንድ የገባው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነው፣ ከዛ የወታደር ባንድ ወደ ሰርግ ባንድ ወረደ፣ ዩኒፎርሙ ራሱ እስካሁን የወታደር ነው የሚመስለው። ጌምህ የሚለው 16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ትራምፔትና ቱባ ላይ ያለው ቫልቭ ራሱ የተፈጠረው 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። 300 ዓመት ምናምን ዘለህ ነው የከፈትከው። ሸህናይ (በአፍ የሚነፋ የህንድ የእንጨት መሳሪያ) ክፈት። ሲታር ክፈት አላልኩህም ተመልከት።

ናቃራ፦

@አጥፋው_በቃ ስለ ሰርግ ባንዱና ስለ ቫልቩ ያልከው ልክ ነው ግን ከዛ ተነስተህ የሙጋል ቤተ መንግስት ውስጥ የናስ ጡሩምባ አልነበረም ለማለት ከሆነ እሱ አያዋጣህም ወንድሜ።

አቡል ፈዝል የሚባለው ጸሐፊ በሙጋሉ ንጉስ በአክባር ዘመን የጻፈው አይን ኢ አክባሪ የሚባል መጽሐፍ ውስጥ ስለ ናቃራ ካና የሚያወራ ክፍል አለ፣ ናቃራ ካና ማለት ቤተ መንግስቱ በር ላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው የከበሮና የጡሩምባ ጓድ ነው፣ ሰዓት የሚያበስሩት፣ ንጉሱ ሲወጣ ሲገባ የሚያሳውቁት እነሱ ናቸው፣ ናውባት ይሉታል አጨዋወቱን። እና እዛ ላይ መሳሪያዎቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ካርና የሚባለው ረጅሙ ጡሩምባ ከወርቅ፣ ከብር፣ ከናስና ከሌላም ብረት ይሰራል ይላል፣ ከ4 ባነሰ ደግሞ አይነፋም። ሲንግ የሚባለው ከናስ ነው፣ ቅርፁ የላም ቀንድ፣ 2 ሆነው ነው የሚነፉት። ናፊር የሚባል ጡሩምባም አለ። ሱርና አለ፣ እሱ ሸህናይ ዘመድ ነው፣ 9 ሆነው። ከበሮዎቹን ተዋቸው በጥንድ በጥንድ ብዙ ናቸው። አክባር ራሱ ናቃራ ላይ እጁ የሚመሰገን ነበር ብሎም ጽፏል (የንጉስ ጸሐፊ ስለ ንጉሱ ምን ሊል ኖሯል በሉ እንግዲህ)።

ስለዚህ ብረት ተነፍቶ ራጃ ሲገባ ማየት ለዛ ዘመን ሰው ብርቅ አይደለም። ልዩነቱ ምንድነው፣ እነዛ ጡሩምባዎች ቫልቭ የላቸውም፣ የሚያወጡት ጥቂት ኖታ ነው፣ ዜማውን የሚሸከመው ሱርናው ነበር። የናሱ ስራ ግርማ መስጠት ነው። እኔ ብሆን ይሄን ነው ወደ ጌሙ የማመጣው፣ ማለት ኩዊንቴት ላይ ፋንፋር (አጭር የጡሩምባ አዋጅ) የሚመስል 4ና 5 ኖታ ብቻ የሚደጋግም ክፍል ስታገኝ እሱን ጌሙ ሲጀመር ክፈተው፣ ራጃው ገባ ማለት ነው፣ ከዛ ዝጋና ወደ ቀስታው እለፍ። መሃል ላይ ግን ከናውባት የተረፈ ነገር አትፈልግ፣ ናውባት በር ላይ የሚነፋ ነው፣ እልፍኝ ውስጥ አይነፋም። እልፍኝ ውስጥ የነበረው ዘፋኝና ክር ያለው መሳሪያ ነው። ስላይድ "ቀስ ብሎ የተነፋ ምረጥ" ያለው ከታሪኩም ጋር የሚሄደው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ከጌም ጋር ስለተያያዘ፣ ፋቴፑር ሲክሪ ብትሄዱ የአክባር ግቢ መሃል ላይ ድንጋዩ ላይ የተሰራ የፓቺሲ (የድሮ የህንድ የሰሌዳ ጨዋታ) ሰሌዳ አለ፣ የመስቀል ቅርፅ ያለው ትልቅ። ጠጠር ሆነው የሚንቀሳቀሱት ሰዎች ነበሩ ይባላል። ጀርባ ላይ ምን እየተነፋ እንደነበር ማወቅ ነበር የምፈልገው።

ግመል_ሰብሳቢ፦

እኔ ራጃስን ብዙም አልጫወትም፣ ጃይፑር የሚባለው ጌም ላይ ነኝ፣ ግን ጥያቄው ስለሚመለከተኝ ልግባ። ለማታውቁት ጃይፑር 2 ሰው ብቻ ነው የሚጫወተው፣ ካርድ ነው፣ ሴባስቲያን ፖሾን የሰራው፣ ነጋዴ ሆናችሁ አልማዝ፣ ወርቅ፣ ብር፣ ጨርቅ፣ ቅመምና ቆዳ ትሸጣላችሁ፣ ግመል ትሰበስባላችሁ፣ 2 ማህተም ቀድሞ ያገኘ አሸነፈ። ስለዚህ ወይ 2 ራውንድ ነው ወይ 3።

ብራሱ እዚህ ጌም ላይ በጣም ይገጥማል እላለሁ፣ ምክንያቱም ጃይፑር ከተማዋ ራሷ አዲስ ናት፣ ዳግማዊ ሳዋይ ጃይ ሲንግ የቆረቆራት በ1727 ነው፣ ዛሬ ደግሞ ጃይፑር ካዋ ብራስ ባንድ የሚባል ዓለም የሚዞር ቡድን የወጣው ከዛው ሀገር ነው። እሱ ግን የመንገድ ሙዚቃ ነው፣ ከበሮውም ይበረታል፣ ለ2 ሰው ጠረጴዛ ይከብዳል። ኩዊንቴቱ ይሻላል። በተለይ 2ቱ ትራምፔቶች እየተቀባበሉ የሚጫወቱበት፣ አንዱ አንድ ሀረግ ይላል ሌላው ይመልሳል፣ ሳዋል ጃዋብ ይሉታል፣ ጥያቄና መልስ። 2 ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አንዱ ከገበያው ሲያነሳ ሌላው ሲያነሳ እሱ ሙዚቃ ከጀርባ ሲኖር ደስ ይላል።

አሁን ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሙዚቃው ሲፈጥን ሰው ይፈጥናል። እኔ ሆን ብዬ አይቼዋለሁ፣ ባለቤቴ ቀስ ያለ ነገር ሲከፈት 2 ጨርቅ ይይዝና 3ኛውን ይጠብቃል፣ ምክንያቱም 3 አንድ ላይ ስትሸጥ ነው ቦነሱ የሚጀምረው። ጃላ ዓይነት ፈጣን ክፍል ሲመጣ ግን 2ቱን ይዞ ዱብ ያደርጋቸዋል፣ ትልቁ ቶከን እንዳይቀደምበት ነው ይላል፣ ቦነሱ ይቀርበታል። ስለዚህ ሪሞቱን የያዘ ሰው ስልጣን አለው 🤫 ለኔ ጥሩ ነው፣ ለፍትሃዊ ጨዋታ ግን አንድ ራውንድ አንድ ስራ ብላችሁ ተስማሙና መሃል ላይ አትቀያይሩ። ጌሙ በአጠቃላይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ስለዚህ ራውንድ በራውንድ አንድ አስር ደቂቃ የሚሆን ነገር ይበቃል።

ካርማ_አለቀብኝ፦

ኧረ ይመቻችሁ፣ ካሰብኩት በላይ ነው የመጣው። @ናቃራ የ4 ጡሩምባው ነገር ገደለኝ፣ በሚቀጥለው በሱ ነው የምጀምረው።

እሺ አሁን ያልመለሳችሁልኝ መጨረሻውን ነው። ራጃስ ላይ አሸናፊው እንዴት እንደሚታወቅ ታውቃላችሁ፣ ቦርዱ ዙሪያ 2 መስመር አለ፣ ገንዘብና ዝና፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት፣ ያንተ የገንዘብና የዝና ምልክቶች ሲገናኙ ወይም ሲተላለፉ ጌሙ ያበቃል፣ የተጀመረው ራውንድ ይጨረስና። እና እነዛ 2 ምልክቶች እየተጠጉ ሲመጡ ያለው ጭንቀት ሌላ ነው፣ እዛ ላይ ሙዚቃው ቢቀየር ብዬ አስቤ ነበር፣ የባራት ዓይነት፣ ሙሽራው ፈረስ ላይ ተቀምጦ ባንዱ ከፊት እየነፋ የሚሄድበት ዓይነት ሙቅ ነገር። ምን ትላላችሁ?

አጥፋው_በቃ፦

በዚህ ላይ እንኳን ስሙኝ። አንተ ሙዚቃ ስትቀይር "አለቀ ተነቃነቁ" እያልክ እያስታወቅክ ነው። ያልነቃውን ሰው ታነቃዋለህ፣ ወደ ኋላ የቀረው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ቦርዱን ያያል፣ ጀልባውን ትቶ ገንዘብ መሰብሰብ ይጀምራል። ግመል ሰብሳቢ ራሷ ነገረችህ እኮ፣ ሙዚቃ እጅ ያፈጥናል። እና ያ ለማን ይጠቅማል? ለመሪው አይደለም።

ግመል_ሰብሳቢ፦

@አጥፋው_በቃ አይ እሱ እንኳን የተለየ ነው፣ ራጃስ ላይ መስመሮቹ ለሁሉም ፊት ለፊት ናቸው፣ የተደበቀ ነገር የለም፣ ያላየ ሰው የራሱ ጉዳይ ነው። ጃይፑር ላይ ብታደርገው ነበር የሚያጣላው፣ ምክንያቱም ሌላው ስንት ነጥብ እንደያዘ በትክክል አታውቅም፣ የቦነሶቹ ቁጥር ከጀርባቸው ነው።

ስላይድ_አስረዝም፦

እኔ ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ ነገር አለኝ መሰለኝ። ባራት አትክፈት። አንደኛ እሱ ቻምበር (የጥቂት ሰው ሙዚቃ) አይደለም፣ ሙሉ ባንድ ነው፣ ሬድ ባራት የሚባለውን ባንድ ምናምን ስትከፍት ዶሉ (ትልቁ ከበሮ) ይገባል፣ ሰው ተነስቶ ይጨፍራል እንጂ ዳይስ አያስቀምጥም። ጌሙ ካለቀ በኋላ፣ ዕቃው ሲሰበሰብ፣ በደንብ ክፈተው።

ለመጨረሻው ቲሃይ ያለበትን ፈልግ። ቲሃይ ማለት አንድ ሀረግ 3 ጊዜ ተደጋግሞ የመጨረሻዋ ኖታ ልክ ሳም ላይ፣ ማለትም ዑደቱ በሚጀምርበት 1ኛው ምት ላይ ስታርፍ ነው። ቲንታል ላይ አስበው፣ 16 ምት ነው፣ 5 ምት የሚፈጅ ሀረግ ካለህ 3 ጊዜ 15 ነው፣ ስለዚህ 3ኛው ምት ላይ ትጀምርና ያለ ዕረፍት 3 ጊዜ ትለዋለህ፣ 15ኛዋ ዱብ የምትለው ቀጣዩ 1 ላይ ነው። የመጀመሪያውን ስትሰማ ምንም አይመስልህም፣ ሁለተኛው ላይ ምቱ የተዛነፈ ይመስልሃል፣ ሦስተኛው ላይ "አሃ" ትላለህ። 5ቱ ብራስ አንድ ላይ ሲያርፉ ደግሞ ወለሉ ይሰማሃል፣ ቱባው ስላለ። ይሄ መጨረሻ እየመጣ ነው የሚል ስሜት ይሰጣል ግን ፍጥነት አይጨምርም፣ ቮልዩምም አይጨምርም፣ ማንንም አያቻኩልም። ምልክቶቹ ሊገናኙ አንድ እጅ ሲቀራቸው የሚሆነውም እንደዛው ነው፣ ሁሉም የት እንደሚያርፍ እያየ ነው፣ የሚጠበቀው መቼ የሚለው ነው።

ፕሌይሊስት ስታወጣ ደግሞ በምዕራቡ በኩል "በህንድ ተነክቷል" የሚባለውን ሁሉ አትሰብስብ። ፈረንሳዊው አቀናባሪ መሲያን ለምሳሌ ሳንጊታ ራትናካራ ከሚባለው 13ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ላይ የምት ዝርዝር ወስዶ በየስራው ውስጥ በትኖታል፣ ግን ጆሮህ ላይ ህንድ አይልም፣ ሌላ ፕላኔት ነው። እንግሊዛዊው አቀናባሪ ሆልስት ሳንስክሪት ተምሮ ከሪግ ቬዳ (ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ) ራሱ ተርጉሞ ያቀናበራቸው አሉት፣ ግን እነሱ መዝሙሮች ናቸው፣ ብራስ አይደሉም። (ሆልስት ግን ትሮምቦን ነፊ ነበር በስራ ደረጃ፣ ይሄን ሳልል ባልፍ ያመኛል።)

ካርማ_አለቀብኝ፦

ቲሃይውን አሁን ሄጄ አዳመጥኩት፣ ዋው። አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ በስራዎቹ መሃል ዝም እንዳይል ስልኬ ላይ የታንፑራ አፕ አለ፣ እሱን ነው እያሰራሁ የምቆየው። አንዳንዴ ግን ብራሱ ሲገባ ይጋጫል፣ የሆነ የሚያስጠላ ድምፅ ነው። ራጋ የየራሱ ሰዓት አለው የሚባለውን ነገርስ ልከተል? እኛ የምንጫወተው ማታ ማታ ነው።

ናቃራ፦

ስለ ሰዓቱ፣ ሂንዱስታኒ (የሰሜን ህንድ ክላሲካል) ሙዚቃ ላይ ራጋ ሰዓት አለው፣ ባይራቭ የንጋት ነው፣ ያማን ምሽት ሲገባ፣ ማልካውንስ ሌሊት ሲገፋ። ማልሃሮቹ ደግሞ የክረምት፣ የዝናብ ናቸው። ማንም አይቀጣህም፣ ግን ያማንን ስትጀምሩ ማልካውንስን ወደ መጨረሻ ብታደርገው ምሽቱ ራሱ አብሮህ ይሄዳል። ያማን ብሩህ ነው፣ 4ኛዋ ኖታ ከፍ ያለች ስለሆነች አየር አለው፣ ሰው ገና ግዛቱን እየዘረጋ ሲሆን ይስማማል። ባይራቭ ላይ ሁለተኛዋና ስድስተኛዋ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ከበድ ይላል፣ እሱን እስኪነጋ ከተጫወታችሁ ክፈቱት 😄

አጥፋው_በቃ፦

እስኪነጋ ራጃስ የሚጫወት ሰው ችግሩ ሙዚቃ አይደለም። ከአንድ ሰዓት ከምናምን የማያልፍ ጌም ነው እኮ።

ስላይድ_አስረዝም፦

የታንፑራው ግጭት ከሁለት ነገር ነው የሚመጣው። አንደኛ አፑ የቆመበት ሳ ቀረጻው ካለበት ሳ ጋር ላይገጥም ይችላል፣ አፖቹ ሲከፈቱ ብዙ ጊዜ ሲ ወይም ሲ ሻርፕ ላይ ናቸው፣ ብራስ ደግሞ ፍላት ያለበት ቁልፍ ነው የሚመቸው፣ ቢ ፍላትና ኢ ፍላት ሞክር፣ ጆሮህ ወዲያው ይነግርሃል። ትንሽ ከቀረ ደግሞ አፑ ላይ ሳንቲም የሚስተካከልበት ቦታ አለ (ሴንት ማለቴ ነው፣ የኖታ ከፍታ ትንሿ መለኪያ)፣ እሱን ወደ ላይ ወደ ታች አድርገው መንቀጥቀጡ እስኪጠፋ።

ሁለተኛው ራጋው ነው። ማልካውንስ 5 ኖታ ብቻ ነው ያለው፣ ሬ (2ኛዋ) የለም ፓም (5ኛዋ) የለም። አፕህ ሳ ፓ ሳ ሳ እያለ ከሆነ በየሰከንዱ ራጋው ውስጥ የሌለች ኖታ እየደወልክበት ነው። ፓን ወደ ማ (4ኛዋ) ቀይራት፣ ብዙ አፕ ላይ አለ ምርጫው። ያማን ላይ ደግሞ ፓን ትተው ኒ (7ኛዋ) ላይ የሚያስተካክሉ አሉ፣ ያን ያህል እንኳን አትጨነቅ።

ካርማ_አለቀብኝ፦

ማ ላይ አደረግኩት፣ ሳውን ደግሞ ኢ ፍላት። ገጠመ!! @አጥፋው_በቃ ቅዳሜ 4ኛ ሰው ጎድሎናል፣ ትመጣለህ? ቀስታው ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ሪሞቱን አንተ ትይዛለህ።

አጥፋው_በቃ፦

ሪሞቱን ከያዝኩ እመጣለሁ። ሰማያዊው ቀለም የኔ ነው።